ለአሮጌ የስፌት መኪና መለዋወጫ እንዴት እንመርጣለን?

እንደሚታወቀው፣ በከተማችን በሐዋሳ፣ በተለይም በመሃል ከተማ፣ በየበረንዳው ከሚሰሙት ድምፆች አንዱ በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና ድምፅ ነው። መስከረም ሲጠባ የተማሪ ዩኒፎርም፣ ፍቼ ጫምባላላ ሲቃረብ የበዓል ልብስ፣ በአዘቦቱ ቀን ደግሞ የተቀደደ ሱሪና የተበላሸ ዚፕ ወደነዚሁ መኪናዎች ይሄዳል። ከመኪናዎቹም ውስጥ ከሚሰፋባቸው ሰው በዕድሜ የሚበልጡ አሉ።

በየትምህርት ቤቱም ቢሆን፣ በትምህርት መርጃ ማዕከሉ ጥግ አቧራ ለብሶ የተቀመጠ አንድ መኪና ብዙ ጊዜ አይጠፋም። «ለምን አይሠራም?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ «ኧረ እሱማ አርጅቷል፣ ዕቃም አይገኝለትም» የሚል መልስ ይሰጣል። ታዲያ ነገሩ ሲመረመር አብዛኛውን ጊዜ ያረጀው መኪናው ሳይሆን አንድ ጠፍር፣ አንድ መርፌ ወይም አንድ ቦቢን ሆኖ ይገኛል። ለአንዲት ትንሽ ዕቃ ሲባል መኪናው ዓመት ሙሉ ይቆማል። በዚያ መኪና ሊሰፋ ይችል የነበረው የፊደል ኪስ፣ የአሻንጉሊት ልብስ፣ የካርታ ጨርቅ ሁሉ ሳይሠራ ይቀራል። ለልብስ ሰፊው ደግሞ የቆመ መኪና ማለት የዕለት እንጀራ ማጣት ነው።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ሦስቱን ቶሎ ቶሎ የሚለወጡ ዕቃዎች ወስደን፣ ትክክለኛውን እንዴት እንደምንመርጥ እንመለከታለን።

ዕቃው ለምን አሁንም ይገኛል?

ኤልያስ ሃው በአሜሪካ ለስፌት መኪና የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1846 ሲሆን፣ አይዛክ ሲንገር ደግሞ በ1851 የራሱን አሻሽሎ አቀረበ። በአገራችን «ሲንጀር» እያልን የምንጠራው መኪና ስሙን የወሰደው ከዚሁ ሰው ነው። በስኮትላንድ ክላይድባንክ የነበረው ትልቁ የሲንገር ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1980 ተዘግቷል። ይህን የሰማ ሰው «እንግዲያው መለዋወጫው አለቀ» ሊል ይችላል። ነገር ግን 15 ቁጥር የተባለው የሲንገር ሞዴል በተለይ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጃፓን፣ ቀጥሎም በቻይና በብዛት ስለተቀዳ፣ የመርፌውና የቦቢኑ ልክ የብዙ ፋብሪካዎች የጋራ ልክ ሆኖ ቀርቷል። ስለዚህ በመኪናው ላይ የተጻፈው ስም ሌላ ቢሆንም ዕቃው ሊገጥም ይችላል፤ በአንጻሩ ደግሞ ስሙ አንድ ሆኖ ዕቃው የማይገጥምበት ጊዜ አለ። ከዚህ የምንማረው ዋና ነገር፣ መለዋወጫ በስም ሳይሆን በቅርጽና በልክ እንደሚመረጥ ነው።

ወደ ሱቅ ከመሄዳችን በፊት

አንደኛ፣ አሮጌውን ዕቃ አንጣለው። የተሰበረ ቢሆን እንኳ ቁርጥራጩን በወረቀት ጠቅልለን ይዘን እንሂድ። ባለ ሱቁ «የትኛው ነው?» ሲል ከማስረዳት ማሳየት ይቀላል።

ሁለተኛ፣ በመኪናው አካል ላይ የተቀረጸውን ቁጥር እንጻፍ። በሲንገር መኪና ላይ ቁጥሩ በስተቀኝ በኩል ከታች ይገኛል። ከ1900 ወዲህ በተሠሩት ላይ ከቁጥሩ በፊት ያለው ፊደል መኪናው መቼና የት እንደተሠራ ለማወቅ ይረዳል።

ሦስተኛ፣ በሚሊ ሜትር ማስመሪያ እንለካ። በግምት የተገዛ ዕቃ ዞሮ ዞሮ ሁለተኛ ይገዛል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የተባለው ለዚህም ይሆናል።

ሀ. ጠፍር (ቺንጊያ)

ጠፍሩ ከታች ያለውን ትልቁን መንኮራኩር ከላይ ካለው ትንሽ መንኮራኩር ጋር የሚያገናኘው ነው። ለቤት መኪና የሚስማማው ድብልብል የቆዳ ጠፍር ሲሆን፣ የተለመደው ውፍረት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከዚህ የቀጠነ ከሆነ በመንኮራኩሩ ቦይ ውስጥ ይንሸራተታል፤ ከወፈረ ደግሞ ከቦዩ ወጥቶ አካሉን ይፈገፍጋል።

ርዝመቱን ለማወቅ ቀላሉ መንገድ የማይለጠጥ ሲባጎ በሁለቱ መንኮራኩሮች ላይ አዙሮ መለካት ነው። ሒሳብ ለምታስተምሩ ዕጩ መምህራን ግን ሌላም መንገድ አለ። ጠፍሩ በእያንዳንዱ መንኮራኩር ላይ በግምት ግማሽ ዙር ስለሚጠመጠም፣ የሁለቱን ዲያሜትር ደምረን በ1.57 (በግማሽ ፓይ) እናባዛለን፤ በዚያ ላይ በሁለቱ ማዕከሎች መካከል ያለውን ርቀት እጥፍ እንጨምራለን። ለምሳሌ የትልቁ ዲያሜትር 30፣ የትንሹ 7.5፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት 60 ሴንቲ ሜትር ነው ብንል፣ 37.5 በ1.57 ሲባዛ 59 ያህል ይሆናል፤ 120 ሲጨመርበት 179 ሴንቲ ሜትር እናገኛለን። መንኮራኩሮቹ እኩል ስላልሆኑ በትክክል ሲሰላ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጨምርና 181 ይሆናል። ለስፌት መኪና ተብሎ የሚሸጠው የተለመደው ጠፍር 183 ሴንቲ ሜትር (72 ኢንች) ስለሆነ ለዚህ ምሳሌ ጥቂት ተርፎ ይበቃል ማለት ነው።

ጠፍሩን ከመቁረጣችን በፊት ግን ሁለት ጊዜ እንለካ። የተረፈ ይቆረጣል፤ ያጠረ አይቀጠልም። ጫፎቹን በወስፌ በስተን በማያያዣው ሽቦ ካገናኘን በኋላ ሽቦው በፒንሳ ተጨፍልቆ መተኛት አለበት፤ አለበለዚያ በዞረ ቁጥር ይንኳኳል። ጥብቀቱስ? መኪናውን ሳይንሸራተት የሚያዞር ያህል ብቻ ይበቃል። ከመጠን በላይ ከጠበቀ ፔዳሉ ይከብዳል፣ የሚሽከረከሩትም አካላት ቶሎ ይበላሉ። አዲስ ቆዳ ከጥቂት ቀን ሥራ በኋላ ስለሚለጠጥ፣ ያን ጊዜ ትንሽ ቆርጦ እንደገና ማያያዝ የተለመደ ነው። ጠፍሩን ዘይት እንዳይነካውም እንጠንቀቅ።

ጠፍር ሲላላ ምን ይጎዳል? በምሳሌያችን 30 ለ7.5 ሲካፈል 4 ነው። ይህም ማለት ትልቁ መንኮራኩር አንድ ጊዜ ሲዞር ትንሹ አራት ጊዜ ይዞራል፣ መርፌውም አራት ጊዜ ይወጋል። በደቂቃ 60 ዙር የሚረግጥ ሰው 240 ስፌት ይሰፋል፤ የአንዱ ስፌት ርዝመት 2.5 ሚሊ ሜትር ቢሆን 60 ሴንቲ ሜትር ጨርቅ ይሄድለታል። ጠፍሩ ከተንሸራተተ ግን እግር ይደክማል እንጂ ጨርቁ አይሄድም።

ለ. መርፌ

ብዙ ስህተት የሚፈጸመው በመርፌ ላይ ነው። «መርፌ መርፌ ነው» ማለት አይቻልም። አብዛኛው የቤት መኪና የሚቀበለው 15×1 ወይም 130/705 ኤች የሚል ምልክት ያለበትን ነው። ይህ መርፌ ከላይ ራሱ ላይ አንዱ ጎን ጠፍጣፋ ነው። ዲቢ×1 የሚባለው ደግሞ ለፋብሪካ መኪና የተሠራ ሲሆን፣ ራሱ ዙሪያውን ድብልብልና ቀጠን ያለ ነው። ሐዋሳ የልብስ ፋብሪካዎች ያሉባት ከተማ እንደመሆኗ ሁለቱንም ዓይነት ልናገኝ ስለምንችል፣ ከመክፈላችን በፊት የመርፌውን ራስ በጣት እንዳስስ። በጣም ጥንታዊ የሆኑ አንዳንድ ሞዴሎችም የራሳቸው ልዩ መርፌ አላቸው። በዚህ ጊዜ ዳኛው አሮጌው መርፌ ነው።

ዓይነቱ ከታወቀ በኋላ ውፍረቱ ይመረጣል። በጥቅሉ ላይ ሁለት ቁጥር ጎን ለጎን ይጻፋል፤ ለምሳሌ 90/14። ፊተኛው የመርፌው ውፍረት በሚሊ ሜትር መቶኛ ነው፤ 90 ማለት 0.9 ሚሊ ሜትር ነው። ኋለኛው የቀድሞው የሲንገር ቁጥር ነው።

ለስስ ጨርቅ 70/10 ወይም 80/12፤
ለሸሚዝና ለመካከለኛ ጨርቅ 90/14፤
ለካኪና ለወፍራም ዩኒፎርም 100/16፤
ለጂንስና ለሸራ 110/18 ይስማማል።

ስንገጥም መርፌውን እስከ መጨረሻው ወደ ላይ ገፍተን ብሎኑን በካቻቪቴ እናጥብቅ። ጠፍጣፋው ጎን ወዴት ይዙር የሚለው ከሞዴል ሞዴል ይለያያል፤ ስለዚህ አሮጌውን ከማውጣታችን በፊት አቅጣጫውን እናስተውል። ሁልጊዜ የማይለወጠው ሕግ ይህ ነው፦ ክሩ የሚገባው ረጅሙ ቦይ ባለበት በኩል ሲሆን፣ የሚወጣው ጠፍጣፋው ጎን ባለበት በኩል ነው። መርፌው መጉበጡን ለማወቅ ደግሞ በጠፍጣፋው ጎኑ በመስተዋት ላይ እናስተኛው፤ ከሥሩ የሚታየው ክፍተት ከራሱ እስከ ጫፉ እኩል ካልሆነ ጎብጧል።

ይህን ሁሉ የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። የማይገጥም ወይም የጎበጠ መርፌ ከታች ክሩን የሚይዘውን መንጠቆ ይመታል። መንጠቆው ጫፉ ከተጫረ ክር እየበጠሰ ያስቸግራል። መርፌ በቀላሉ ይለወጣል፤ መንጠቆ ግን እንደዚያ አይደለም። ስፌት ሲዘል ወይም ክር ሲበጠስ ቶሎ ብለን የክር መወጠሪያውን ከማዟዟር ይልቅ አስቀድመን መርፌውን እንለውጥ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ።

ሐ. ቦቢን

ቦቢን የታችኛው ክር የሚጠቀለልበት ነው። በአሮጌ መኪናዎች ላይ ሦስት ዓይነት እናገኛለን። የመጀመሪያው ረጅምና ቀጭን ሲሆን፣ የሐይቃችንን ታንኳ በሚመስል ማመላለሻ ውስጥ ይገባል፤ ይህ በ27 እና በ127 ቁጥር ሲንገሮች ላይ የሚታየው ነው። ሁለተኛው ክብ ሆኖ ሁለቱም ፊቱ ጠፍጣፋ የሆነው የ15 ቁጥር ቦቢን ነው፤ ስፋቱ 20 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሦስተኛው የ66 ቁጥር ሲሆን፣ ስፋቱ ከ15ቱ ጋር ተቀራራቢ ቢሆንም ፊቱ ወደ ውጭ ጎበጥ ያለ ነው።

አደጋው ያለው በሁለቱ ክቦች ላይ ነው። ከሩቅ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ አንዱ በሌላው ቤት ውስጥ ገብቶ ሊዞርም ይችላል። ነገር ግን ክሩ አንዴ ይጠብቃል፣ አንዴ ይላላል። ሰውም «መኪናው ተበላሸ» ይላል። ስለዚህ ቦቢኑን በጠረጴዛ ላይ አስተኝተን በዓይን ደረጃ እንየው፤ ፊቱ ቀጥ ያለ ነው ወይስ ጎበጥ ያለ? በ15 ቁጥር መኪና ላይ ሌላም ፈተና አለ። ክር የተሞላውን ቦቢን በቤቱ ከተን በክሩ አንጠልጥለን ቀስ ብለን ነቅነቅ ስናደርገው፣ ጥቂት ወረድ ብሎ መቆም አለበት። እየተተረተረ ከወደቀ ላልቷል፤ ጭራሽ ካልወረደ ጠብቋል።

ሲገጠም

አዲሱን ዕቃ ከገጠምን በኋላ በፔዳል አንጀምር። በመጀመሪያ መንኮራኩሩን በእጅ ቀስ ብለን ሁለት ሦስት ጊዜ እናዙር፤ የሚያጋጭ ነገር ካለ እጃችን ይነግረናል። በሚሽከረከሩት ቦታዎች ላይ ጠብታ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት እናድርግ። የምግብ ዘይት ግን ፈጽሞ አይሆንም፤ ውሎ አድሮ ሙጫ ሆኖ መኪናውን ያስረዋል። ከዚያ በኋላ በቁራጭ ጨርቅ እንሞክር፤ የስፌቱ ገጽ ከላይም ከታችም አንድ ዓይነት ከሆነ ምርጫችን ትክክል ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ ዘዴ ለስፌት መኪና ብቻ አይደለም። የማባዣ መኪና ሮለርም ሆነ የአሮጌ ምንጣፍ መጥረጊያ መኪና ተሽከርካሪ ብሩሽ ሲለወጥ የሚጠየቀው ጥያቄ ያው ነው፦ ቅርጹ ምን ይመስላል? ልኩ ስንት ነው? ከምን ጋር ይገናኛል? ነገ በምትመደቡበት ትምህርት ቤት ጥግ ላይ የቆመ መኪና ብታዩ «አርጅቷል» ብላችሁ አትለፉት። ሽፋኑን አንሱ፣ ቁጥሩን ጻፉ፣ ተማሪዎቻችሁን ሰብስባችሁ መንኮራኩሩን አስለኩ። የክብ ዙሪያና የዕጥፍታ ትምህርት በአንድ ክፍለ ጊዜ ይሰጣል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ማዕከሉ የሚሰፋ መኪና ይኖረዋል።