የካሚዮን መድንና የወኪሉ ነገር

የንግድ ሕግ ያጠና ተማሪ “መድን” የሚለውን ቃል ከፈተና በኋላ ቢረሳው አያስደንቅም። የካሚዮን ባለንብረት ግን ልርሳው ቢልም አይሆንለትም። ከጂቡቲ ተነሥቶ በጋላፊ ገብቶ፣ ሚሌንና አዋሽን አልፎ አዲስ አበባ የሚደርስ ባለተሳቢ መኪና ሦስት ዓይነት ሥጋት ይዞ ይጓዛል፤ ይኸውም በሌላ ሰው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት፣ በራሱ ላይ የሚደርሰው ጉዳትና የጫነው ዕቃ መጥፋት ነው።

በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ባለመኪናን ሁሉ የሦስተኛ ወገን መድን እንዲገባ ያስገድዳል። ወረቀቱ መስተዋት ላይ ተለጥፎ ሲታይ ሁሉም ነገር የተሸፈነ ይመስላል። ነገር ግን ይህ መድን የተገጨውን እንጂ ካሚዮኑንም ሆነ ጭነቱን አይመለከትም። ለእነርሱ ሌላ ሌላ ውል ያስፈልጋል።

ይህን ለባለንብረቱ የሚያስረዳው ማን ነው? ብዙውን ጊዜ ወኪሉ ነው። ወኪል የኩባንያው ሰው ነው፤ የኩባንያውን ውል ይሸጣል፣ ኮሚሽኑንም ከዚያው ይቀበላል። ደላላው ግን (ምንም እንኳ ኮሚሽኑ ከኩባንያ ቢመጣለት) በደንበኛው ስም ከልዩ ልዩ ኩባንያዎች ዋጋና ውል ያወዳድራል። አብዛኛው ሾፌርና ባለንብረት ሁለቱን አይለይም።

ትልቁ ጣጣ ያለው በግምቱ ላይ ነው። እንበል፣ ካሚዮኑ 4 ሚሊዮን ብር ያወጣል፤ ዓረቦኑ እንዲያንስ ተብሎ በ2 ሚሊዮን ተመዘገበ። መኪናው ተገልብጦ ማሠሪያው 600 ሺህ ብር ቢጠይቅ፣ “2 ሚሊዮን ድረስ አለኝ” ብሎ የተማመነው ሰው የሚያገኘው 300 ሺህ ብቻ ነው። ንብረቱን በግማሽ ዋጋ ስላስመዘገበ፣ ለቀረው ግማሽ የራሱ ዋስ ራሱ ነው። ከዚያም ላይ በውሉ የተስማማበት ተቀናሽ ይነሣል። ደንበኛ ላለማጣት ሲል ይህን ሳይናገር የሚያስፈርም ወኪል፣ በእኔ አስተያየት፣ ከሌባ ብዙም አይሻልም።

ደግሞም ሳይዋሹ እዚህ ጣጣ ውስጥ መግባት አለ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ወጣ። ካሚዮኑም መለዋወጫውም ከውጭ የሚመጣ ነው። በሰኔ በትክክል የተገመተ መኪና ውሉ ሳይታደስ ከዋጋው በታች የተመዘገበ ሆነ። ግምቱን እንዲያስተካክል ለባለንብረቱ ስልክ የደወለለት ወኪል ካለ፣ የዓመት ኮሚሽኑን በዚያች ቀን ሠርቶ አግኝቷል። ያልተደወለለት ሰው ግን መኪናው ጋራዥ ቆሞ ሳለ የባንክ ዕዳውን በየወሩ ይከፍላል።