የሕፃናት ማኅደር

የልደቱ ቀን በመዝገብ ያልሰፈረ ልጅ ለትምህርት መድረሱ ይታወቅ ዘንድ፣ መዝጋቢው መምህር ልጁን በፊቱ አቁሞ «ቀኝ እጅህን በራስህ ላይ አዙረህ ግራ ጆሮህን ንካ» ይለው እንደ ነበር፣ ጣቱ ከጆሮው የደረሰለት ሲመዘገብ ያልደረሰለት ደግሞ ከአባቱ ጋር ወደ ቤቱ ተመልሶ የሚመጣውን መስከረም ይጠብቅ እንደ ነበር፣ በአምቦም ሆነ በጉደር፣ በጊንጪም ሆነ በጌዶ ያደጉ ብዙ አዛውንት አይዘነጉትም። ፈተናው ለጨዋታ የሚመች ቢመስልም መሠረት የለሽ አልነበረም፤ የሕፃን ራስ ከቀረው ገላው አስቀድሞ የሚያድግ በመሆኑ፣ ክንድ ረዝሞ ራስን ለመዞር የሚበቃው ልጁ ወደ ስድስትና ሰባት ዓመት ሲጠጋ ነውና። ይሁን እንጂ የሚለካው ክንድን ብቻ ነበር። ልጁ ምን ያህል ቃል እንዳለው፣ ከባልንጀራው ጋር እንዴት እንደሚውል፣ ሲከፋው ምን እንደሚያደርግ፣ ጆሮ አይናገርም።

የልቡናን እርምጃ መከታተልስ ከጥንት ጀምሮ በቄስ ትምህርት ቤት የታወቀ ነው። የኔታ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው፣ አንዱ ሕፃን በስንደዶ ፊደሉን እየነካ ሲቆጥር፣ ሁለተኛው አቡጊዳን ሲያዞር፣ ሦስተኛው ከመልእክተ ዮሐንስ ላይ ከግዕዝ ወደ ውርድ፣ ከውርድ ወደ ቁም ንባብ ሲሸጋገር፣ እያንዳንዱ የት እንደ ደረሰና በየትኛው ፊደል እንደ ተሰናከለ አንዳች ነገር ሳይጽፉ ያውቁት ነበር። በትሩንና ኩርኩሙን አላመሰግንም፤ ነገር ግን ዳዊት ለመድገም የበቃው ልጅ የበቃው በራሱ እርምጃ እንጂ ከጎረቤቱ ጋር ተወዳድሮ አልነበረም። ይህን ለኋላ እንያዘው።

ዘመናዊው የሕፃናት ትምህርት ቤት በአገራችን የተጀመረው ወደ 1900 እ.ኤ.አ. ገደማ በድሬዳዋ፣ ለምድር ባቡር ሥራ ለመጡ ፈረንሳውያን ልጆች እንደ ሆነ ይነገራል። ከብዙ ዘመን በኋላ የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከ4 እስከ 6 ዓመት ላሉ ሕፃናት የሚሰጠው ትምህርት ሁለንተናዊ ዕድገታቸውን የሚመለከት እንዲሆን አመለከተ፤ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በአንድነት የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት ማዕቀፍ አወጡ። ከዚያ ወዲህ በየአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ከአንደኛ ክፍል የሚቀድመው «ኦ ክፍል» የሚባለው በዛ፤ በኦሮሚያም «ቡኡራ ቦሩ»፣ ማለትም የነገ መሠረት፣ የተባሉት የሕፃናት ትምህርት ቤቶች በሕዝብ ጉልበትና ገንዘብ ጭምር ተሠሩ።

እንግዲህ በእነዚህ ክፍሎች የሕፃኑ ዕድገት በምን ይታወቃል? የዘርፉ ሊቃውንት አራት ወገን አድርገው ያዩታል፤ ይኸውም የአካል እንቅስቃሴ፣ ቋንቋ፣ አሳብና ቍጥር፣ ከሰው ጋር መኖርና ስሜትን መግዛት ነው። ለዚህም የሚያገለግለው የወረቀት ፈተና ሳይሆን የመምህርቷ ዓይንና ደብተር ነው። እስቲ አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ ከአምቦ ውሃ ጠርሙስ የተለቀሙ ቆርኪዎችን በምንጣፍ ላይ ዘርግታ በኦሮምኛ «ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ» እያለች ስትቆጥር እናስባት። መምህርቷ ከአጠገቧ ተቀምጣ፦ «ኅዳር 12። ቆርኪውን አንድ በአንድ እየነካች እስከ ሸን ቆጠረች፤ ስድስትንና ሰባትን ዘልላ ሰዴት አለች። ጎረቤቷ ሲሳሳት አልሳቀችበትም፣ እጁን ይዛ ቆርኪውን አስነካችው» ብላ ትጽፋለች። በእነዚህ ጥቂት መስመሮች ውስጥ ቍጥርም፣ ቋንቋም፣ የጣት ቅልጥፍናም፣ ርኅራኄም አለ። «ጎበዝ ናት» ብላ ብትጽፍ ግን ምንም አልጻፈችም፤ ያየችውን ትታ የፈረደችውን መዝግባለችና። ክፍሉ የተጨናነቀ እንደ ሆነ ሁሉን ሕፃን በየቀኑ መጻፍ ስለማይቻል፣ በቀን ሦስት ወይም አራት ልጆችን እየለየች ብታይ ተራው ሳይቆይ ለሁሉም ይዳረሳል።

የቋንቋው ነገር ጥንቃቄ ይሻል። በቤቱ ኦሮምኛ የሚናገረውን ሕፃን በአማርኛ «ይህ ምን ዓይነት ቀለም ነው?» ብንለው ዝም ይል ይሆናል፤ በልሳኑ ብንጠይቀው ግን «ዲማ» ብሎ ቀዩን ያሳያል፤ በአማርኛ ያደገውም በተራው በኦሮምኛ ሲጠየቅ እንዲሁ ነው። ዝምታውን አለማወቅ ብሎ የመዘገበ ሰው የመዘገበው የራሱን ስሕተት ነው። መለኪያውም ቢሆን እንደ ቋንቋው አገር አለው። በ1967 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በዴንቨር ከተማ የወጣው የሕፃናት ዕድገት መመርመሪያ፣ ታድሶ 125 ተግባራትን በያዘ ጊዜ፣ ሕፃኑ የካርታ ጨዋታ ይጫወት እንደ ሆነ፣ ለቁርሱም እህል በወተት ያዘጋጅ እንደ ሆነ ይጠይቅ ነበር፤ የጅማ ተመራማሪዎች ይህንኑ መለኪያ ለአካባቢያቸው ሕፃናት ኑሮ አስማምተው በ2016 እ.ኤ.አ. አሳተሙት። በእውነት በደንዲ ሜዳ ጥጃ የሚጠብቅ ልጅ ካርታ ባይዝም፣ ከመንጋው አንዱ ቢጎድል የትኛው እንደ ጎደለ በመልኩ ለይቶ ይናገራል። ሴቭ ዘ ችልድረን ያወጣው አይዴላ የሚባለው መለኪያም ከ3 ዓመት ተኩል እስከ 6 ዓመት ተኩል ላሉት የተዘጋጀ ነው፤ ነገር ግን እርሱ በይበልጥ የሚመዝነው የትምህርቱን መርሐ ግብር ስለ ሆነ የመምህርቷን ደብተር አይተካም።

ከዚህ ሁሉ የሚያሳዝነኝ፣ በአንዳንድ ትምህርት ቤት ገና ጫማውን ራሱ ማሰር ያልቻለ ሕፃን ከመቶ ነጥብ ተሰጥቶት «ከ48 ልጆች 31ኛ» የሚል ካርድ ይዞ ወደ ቤቱ መሄዱ ነው። ወላጅም ይህንኑ ይጠይቃል፤ «ስንተኛ ወጣህ?» ማለት ልማድ ሆኗልና። 31ኛ የሚለው ቍጥር ከፊቱ ስላሉት ሠላሳ ልጆች የሚናገር ነው፤ ይህ ልጅ መስከረም ላይ ምን እንደ ነበረና ሰኔ ላይ ምን እንደ ሆነ አይነግርም።

ያንን የሚነግረው የልጁ ማኅደር ነው። ማኅደር ማለት በቀድሞው ዘመን ዳዊት የሚቀመጥበት፣ በጠፍር ከትከሻ የሚንጠለጠል የቆዳ ከረጢት ነበረ፤ ዛሬ መሥሪያ ቤቶች የሠራተኛን ጉዳይ የሚያስቀምጡበት አቃፊም በዚሁ ስም ይጠራል፤ በሕፃናት ክፍል ደግሞ ልጁ የሠራው ሥራና ስለ እርሱ የተጻፈው ማስታወሻ በየቀኑ ቅደም ተከተል የሚከማችበት ነው። የቆርኪዋ ልጅ ማኅደር ቢከፈት፣ በመስከረሙ ወረቀት ላይ የሣለችው ሰው ከራሱ በቀጥታ ሁለት እግር የበቀለበት ይሆናል፤ በየካቲቱ ሆድና እጅ ያበጃል፤ በሰኔው አምስት አምስት ጣት አውጥቶ፣ ነጠላ ለብሶ፣ ከጎኑም አንዲት ላም ቆማ ትታያለች። መምህርቷም ከግርጌው «እናቴ ናት አለች» ብላ ጽፋበታለች።

ኦ ክፍልና አንደኛ ክፍል በአንድ ግቢ ውስጥ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለውም የጥቂት እርምጃ መንገድ ነው። ሆኖም ብዙ ጊዜ ማኅደሩ በመምህርቷ ሣጥን ውስጥ ይቀራል፤ መስከረም ሲጠባ የአንደኛ ክፍል መምህር ያችኑ ልጅ እንደ እንግዳ በፊቱ አቁሞ፣ መቁጠር ትችል እንደ ሆነ ከቶኮ ጀምሮ ይጠይቃታል።