የቶኒ ብሌር «ሦስተኛው መንገድ» በእርግጥ የመሐል መንገድ ነበርን?

እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2007 ብሪታንያን በጠቅላይ ሚኒስትርነት የመሩት ቶኒ ብሌር ፖሊሲያቸውን «ሦስተኛው መንገድ» ሲሉ ይጠሩት እንደነበር ይታወሳል። ስያሜው መንግሥት ኢኮኖሚውን በስፋት ከሚቆጣጠርበት የቀድሞው የሌበር ፓርቲ አቋምና ለገበያ ሰፊ ቦታ ከሚሰጠው የወግ አጥባቂዎች አመለካከት የተለየ አማራጭ መኖሩን ለማመልከት የዋለ ነው። ይሁንና ፖሊሲው በእርግጥ የመሐል ስለመሆኑ የተነሣው ክርክር ዛሬም አልተቋጨም።

የግራ ዘመም ተቺዎች ብሌር የማርጋሬት ታቸርን ፖሊሲ በሌላ ስም አስቀጥለዋል ይላሉ። በማስረጃነትም ፓርቲው የማምረቻና የማከፋፈያ ተቋማትን የጋራ ባለቤትነት የሚደነግገውን የደንቡን አንቀጽ 4 እ.ኤ.አ. በ1995 መለወጡን፣ በብሌር ዘመን ከፍተኛው የገቢ ግብር መጣኔ በ40 በመቶ መቆየቱንና እ.ኤ.አ. በ1998 በዩኒቨርሲቲዎች እስከ 1,000 ፓውንድ የሚደርስ ዓመታዊ የትምህርት ክፍያ መጀመሩን ይጠቅሳሉ።

በአንጻሩ ቀኝ ዘመሞቹ የሚያነሷቸው እርምጃዎች ሌሎች ናቸው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1997 ወደ ግል በተዛወሩ የአገልግሎት ድርጅቶች ላይ ልዩ ግብር ጥሏል፤ በ1999 በሰዓት 3.60 ፓውንድ የሆነ የደመወዝ ወለል ደንግጓል፤ በ2003 ደግሞ ለጤና አገልግሎት ማጠናከሪያ የብሔራዊ ኢንሹራንስ መዋጮን በ1 በመቶኛ ነጥብ አሳድጓል።

ሁለቱም ወገኖች የሚያቀርቧቸው ማስረጃዎች እውነት ናቸው። ልዩነቱ የመነጨው ከመለኪያው ነው። ብሌር ከቀድሞው ሌበር ጋር ሲነጻጸሩ ወደ ቀኝ፣ ከእሳቸው በፊት ከነበረው መንግሥት ጋር ሲነጻጸሩ ደግሞ ወደ ግራ ያደሉ ሆነው ይታያሉ። ከሁለቱም ወገን ጥቂት ጥቂት መውሰድም ብቻውን ፖሊሲን የመሐል አያደርገውም።

የተሻለው መመዘኛ ተቀናቃኙ ፓርቲ በጊዜ ሂደት የተቀበለው የትኛውን እርምጃ እንደሆነ ማየት ነው። የብሌር መንግሥት እ.ኤ.አ. በግንቦት 1997 የወለድ መጣኔን የመወሰን ሥልጣን ለእንግሊዝ ባንክ ሲሰጥ፣ የዋጋ ንረትን ግብ የማስቀመጡን ኃላፊነት ለራሱ አስቀርቷል። ወግ አጥባቂዎቹ ይህንንም ሆነ የደመወዝ ወለሉን መጀመሪያ ቢቃወሙም፣ የፓርቲው የገንዘብ ጉዳዮች ተጠሪ የነበሩት ማይክል ፖርቲሎ እ.ኤ.አ. በ2000 ሁለቱንም መቀበላቸውን አስታውቀዋል። በ2016 ደግሞ በሥልጣን ላይ የነበረው የወግ አጥባቂዎች መንግሥት ዕድሜያቸው 25 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ሠራተኞች ወለሉን በሰዓት ወደ 7.20 ፓውንድ ከፍ አድርጎታል።

ከዚህ መረዳት የሚቻለው መሐሉ አስቀድሞ የተተከለ ችካል አለመሆኑን ነው። መሪው ለፖሊሲው ከሚሰጠው ስም ይልቅ፣ መንግሥት ሲለወጥ ሳይሻር የሚቆየው እርምጃ መሐሉ የት እንደነበረ ያሳያል።