ማናዘዝ ወይስ መጠየቅ? የፖሊስ ምርመራ ሁለት መንገዶች

ያልፈጸመውን ወንጀል «ፈጽሜያለሁ» ብሎ የሚፈርም ሰው አለ ቢባል ለማመን ይከብዳል። እንግሊዝ ግን መኖሩን በመራራ መንገድ አወቀች። እ.ኤ.አ. በ1974 በጊልፎርድና በበርሚንግሃም መጠጥ ቤቶች በፈነዱ ቦምቦች አራትና ስድስት ሰዎች የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው። ፖሊስ የተቀበላቸው የእምነት ቃሎች በሁለቱም መዝገቦች ትልቅ ክብደት ነበራቸው። ፍርዱ የተሻረው የጊልፎርዶቹ በ1989፣ የበርሚንግሃሞቹ በ1991 ነው።

በ1984 የወጣው የፖሊስ ሕግ የተጠርጣሪ ቃል በቴፕ እንዲቀረጽ መንገድ ከፍቶ ነበር። አጥኚዎች ቅጂዎቹን ሲያዳምጡ ከጭካኔ ይልቅ የሙያ ጉድለት ጎልቶ ተሰማቸው። መርማሪው ሳይዘጋጅ ይገባል፤ ሰውየው ጥፋተኛ ነው ብሎ አስቀድሞ ወስኗል፤ የሚፈልገውም ማረጋገጫ ብቻ ነው።

በአሜሪካ ለረጅም ጊዜ የተስፋፋው የሪድ ዘዴ የሚነሳው ከዚሁ ግምት ነው። መርማሪው ይወነጅላል፣ ክህደቱን ያቋርጣል፣ ከዚያም «ማንም በአንተ ቦታ ቢሆን ያደርገው ነበር» እያለ ማመንን ያቀልለታል። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1969 በሰጠው ውሳኔ፣ ፖሊስ ስለ ማስረጃ መዋሸቱ ብቻውን የእምነት ቃልን ውድቅ አያደርግም። የኢሊኖይና የኦሪገን ግዛቶች ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችን በውሸት መመርመርን በሕግ የገደቡት በ2021 ነው።

እንግሊዝ በ1990ዎቹ መጀመሪያ «ፒስ» የተባለውን ዘዴ ዘረጋች። መርማሪው ተዘጋጅቶ ይገባል፣ መብትን ያስረዳል፣ «የሆነውን ከመጀመሪያው ንገረኝ» ብሎ ያዳምጣል፤ ቃሉን ከማስረጃ ጋር የሚያፋጥጠው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ምክንያት አለው። «በኋላ በር ገብተህ ነው አይደል?» የተባለ ሰው የኋላ በር መኖሩን ከጥያቄው ይሰማል። ነገ ያንኑ ሲደግመው ወንጀለኛው ብቻ የሚያውቀውን ምስጢር ያወጣ ይመስላል።

የእኛም ሕግ ለዚህ ጥንቃቄ እንግዳ አይደለም። የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 31 ፖሊስ በማባበል፣ በማስፈራራት ወይም ተስፋ በመስጠት ቃል እንዳይቀበል ይከለክላል፤ አንቀጽ 27 ቋንቋውን ለማይችል ተያዥ አስተርጓሚ ይሰጣል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ደግሞ የተያዘ ሰው ምክንያቱን በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው፣ ዝም የማለት መብት እንዲኖረው፣ በማስገደድ የተገኘ ማስረጃም ተቀባይነት እንዲያጣ ደንግጓል። ስለዚህ «አምኗል» የሚል ዜና ስንሰማ ለፍርድ ከመቸኮላችን በፊት ምን ተብሎ ተጠይቆ እንዳመነ እንጠይቅ።