ለዘር የሚቀረው አውራና የመንጋው ቁመና፦ ከነጌብ እስከ መንዝ

የእንስሳት የአካል መጠን በመኖና በአየር ጠባይ የሚወሰን ቢሆንም፣ ከትውልድ ወደ ትውልድ አቅጣጫውን የሚቀይረው ለዘር የሚቀረው አውራ ነው። ግሬይሀውንድ በተባለው የሩጫ ውሻ አሸናፊው ለዘር ስለሚቀመጥ፣ አርቢው ክብደትን ሳይሆን ፍጥነትን ቢመርጥም ቁመናው አብሮ ይለወጣል፤ እ.ኤ.አ. በ1868፣ በ1869 እና በ1871 በእንግሊዝ ሜዳ ጥንቸል በማሳደድ የዋተርሉን ዋንጫ ያገኘው የአየርላንዱ ማስተር ማግራ 24 ኪሎ ግራም ገደማ ሲመዝን፣ ዛሬ በሞላላ መም የሚሮጡ ወንዶች በአብዛኛው ከ30 ኪሎ ያልፋሉ። በመንዝ በግ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ፈጥኖ ያደገው ጠቦት በስድስት ወሩ ገደማ ገበያ ወጥቶ ዘር ሳይተው ሲታረድ፣ የቀጨጨው ቀርቶ አባት ይሆናል። ባለሙያዎች አሉታዊ መረጣ የሚሉት ይህ ነው፤ ማንም አቅዶ የማያካሂደው በመሆኑም ለማረም ያስቸግራል።

የመንዝ በግ ትንሽነት በራሱ እንደ ጉድለት ሊቆጠር አይገባም፤ በሰሜን ሸዋ ደጋ ብርድና የመኖ እጥረት ችሎ የሚኖር፣ ጸጉሩ ለባና የሚሆን፣ ላቱ አጭር የሆነ እንስሳ ነው። ይሁንና የመጀመሪያው መፍትሔ ትልቅ ደም ከውጭ ማምጣት ነበር፤ በደብረ ብርሃን ከኮሪዴል ዝርያ ጋር የማዳቀል ሙከራ ከተደረገ በኋላ፣ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የአዋሲ በግ ከእስራኤል ገባ። አዋሲ በደቡባዊ እስራኤል በተዘረጋው የነጌብ በረሃ ቤዱዊኖች እስከ ዛሬ የሚያረቡት ባለ ላት በግ ሲሆን፣ የኪቡትስ (የእስራኤል የጋራ እርሻ መንደር) አርቢዎች ለወተት ብለው ለብዙ ዓመታት ሲመርጡት አካሉም ከነባሩ ገዝፏል። ከደብረ ብርሃንና ከአመድ ጓያ ማዕከላት የተሠራጩት አውራዎች ያስገኟቸው ድቃዮች፣ ማለትም የሁለት ዝርያ ልጆች፣ ከመንዝ ጠቦት ፈጥነው አደጉ፤ ነገር ግን የበለጠ መኖ ይፈልጋሉ፣ ላተ ሰፊዋን ድቃይ እናት በግም የመንዝ አውራ ያለ እረኛ እገዛ ለማጥቃት ይቸገራል። ከዚህም በላይ ማዲ ቪስና የተባለው፣ ሳንባን ቀስ በቀስ የሚጎዳ የቫይረስ በሽታ በማዕከላቱ መንጋ መገኘቱ ሥርጭቱ እንዲቋረጥ አድርጓል።

እ.ኤ.አ. በ2009 በመሐል ሜዳና በሞላሌ የተጀመረው በማኅበረሰብ ላይ የተመሠረተ እርባታ የውጭ ደም አልፈለገም። ጠቦቶች በስድስት ወራቸው ተመዝነው፣ የእናታቸው መዝገብ ታይቶ፣ ብልጫ ያላቸው ወንዶች ከመሸጣቸው በፊት ይለያሉ፤ የተመረጠው አውራ በጋራ ይያዛል፣ የዘመድ መዳቀል እንዳይበዛም ከመንጋ ወደ መንጋ ይዘዋወራል፣ ያልተመረጠው ይኮላሻል ወይም ይሸጣል። የመጨረሻው ውሳኔ የገበሬዎቹ ነው፤ እነርሱ ደግሞ ቀለሙን፣ ቀንዱንና ላቱን ሳያዩ አያልፉም፤ ጥቁር በግ በገበያ ዋጋው ዝቅ ስለሚል፣ ጥቁር ጠቦት በሚዛን ቢበልጥም ለአውራነት የመታጨት ዕድሉ ጠባብ ነው።