የሥዕል ክፍል ከሾላ ገበያ ሲጀምር

የሁለተኛ ደረጃ የሥዕል መምህር ነኝ። ስለ ዘላቂ ዲዛይን ሳስተምር ቶሎ የሚመጣልኝ ሥራ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው፦ ከተቆረጠ ሃይላንድ፣ ከጨርቅና ከካርቶን በሙጫ የተሠራ የአበባ ማስቀመጫ። ልፋቱ ደስ ይላል። ግን ንጹሑን ሃይላንድ ቁራሌው ይወስደው ነበር፤ ሙጫና ጨርቅ ከተለጠፈበት በኋላ ማን ይፈልገዋል? ጥቅም ያለውን ዕቃ ሳናስበው ቆሻሻ አደረግነው።

ስለዚህ ከሙጫው በፊት ማየት ይቅደም። መምህራን፣ ተማሪዎቻችሁን አዲስ አበባ ሾላ ገበያ ይዛችሁ ውጡ። በረባሶ ጫማ ፈልገው ያገላብጡ። ሶሉ ያለቀ የመኪና ጎማ ነው፤ ጥርሱ አሁንም ይታያል። ማሰሪያው በሚስማር የተመታ ከሆነ፣ ሲበጠስ ተነቅሎ በሌላ ይተካል። አንዱን ፈታተው ክፍል በክፍል ይሳሉት፤ የሚጠገን ዕቃ እንዴት እንደሚታሰብ እጃቸው ራሱ ይረዳዋል። ቤተልሔም ጥላሁን የጫማ ኩባንያዋን ሶልሬብልስን ስትመሠርት የተነሣችው ከዚሁ ጫማ ነው።

ከዚያ የአርቲስት ኤልያስ ስሜን ሥራዎች አሳዩአቸው። ከመርካቶ የተገኙ የኮምፒውተር ሰሌዳዎች ተገጣጥመውና የኤሌክትሪክ ሽቦዎች ተጎንጉነው ግድግዳ የሚሞላ ሥዕል ሆነዋል። ከተቻለ መካኒሳ ሂዱ፦ ኤልያስ ከኪዩሬተር መስከረም አሰግድ ጋር ያቋቋሙትና እ.ኤ.አ. በ2019 የተከፈተው ዞማ ሙዚየም ግድግዳው ጭቃና ጭድ ነው። ልጆቹ በእጃቸው ይንኩት፤ ከአያቶቻቸው ቤት ጋር ያስተያዩት።

እኔ አሁን ነጥብ ስሰጥ ውበቱን ካየሁ በኋላ ተማሪውን ሥራውን በእጁ እንዲፈታልኝ እጠይቀዋለሁ።