ሻምበል ማሞ ወልዴ፦ ወታደር፣ ሯጭ፣ አባወራ

በዲኬተርና በአካባቢዋ ረዘም ላለ ጊዜ የኖረ ኢትዮጵያዊ እ.ኤ.አ. የ1996ቱን የአትላንታ ኦሊምፒክ አይረሳውም። ጁላይ 28 ቀን ፋጡማ ሮባ ማራቶንን አሸንፋ ለዚህ ድል የበቃች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት ሆነች። በማግስቱ ኃይሌ ገብረሥላሴ በ10 ሺህ ሜትር ሌላ ወርቅ ጨመረ። ከዲኬተር እስከ ስታዲየሙ ያለው መንገድ አጭር ነው፤ የወገን ደስታ ግን ወሰን አልነበረውም።

በዚያው ሰሞን ከእነዚህ ጀግኖች በፊት መንገዱን ከጠረጉት አንዱ አዲስ አበባ ውስጥ በእስር ቤት ነበሩ። እኒህ ሰው ሻምበል ማሞ ወልዴ ናቸው።

ሻምበል ማሞ በ1932 ከአዲስ አበባ ብዙም በማይርቀው በድሬ ጂሌ ተወለዱ። በ1951 የክብር ዘበኛ ወታደር ሆኑ። ቀጥሎም ከኢትዮጵያ ጦር ጋር ኮሪያ ዘምተው በተባበሩት መንግሥታት ባንዲራ ሥር አገለገሉ። ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን በኮሪያ ምድር ሕይወታቸውን ሰጥተዋል፤ ከቃኘው ሻለቃ ግን አንድም ሰው እንዳልተማረከ እስከ ዛሬ በኩራት ይነገራል።

ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ በተካፈለችበት በ1956 በሜልበርን ሻምበል ማሞ በ800 እና በ1500 ሜትር እንዲሁም በዱላ ቅብብል ሮጡ። ሜዳሊያ አላገኙም። ተስፋ ሳይቆርጡ ሠርተው በ1964 በቶኪዮ በ10 ሺህ ሜትር አራተኛ ወጡ።

ትልቁ ቀን የመጣው በ1968 በሜክሲኮ ነው። በ10 ሺህ ሜትር ኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ በሰከንድ ክፋይ ቀድሟቸው ብር አገኙ። ከሳምንት በኋላ በማራቶኑ ሁሉም ዓይኑን የጣለው በሁለት ጊዜ አሸናፊው በሻምበል አበበ ቢቂላ ላይ ነበር። አበበ ግን እግራቸው ታሞ ስለነበር ገና ግማሽ መንገድ ሳይደርሱ ለማቋረጥ ተገደዱ። ከመውጣታቸው በፊት ድሉን ለማሞ በአደራ እንደሰጡ፣ ማሞም እንደ ወታደር ትእዛዙን እንደተቀበሉ በኋላ ለአሜሪካዊው ሯጭና ጸሐፊ ለኬኒ ሙር ነግረውታል። በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ሲገቡ ተከታያቸው ጃፓናዊው ኪሚሃራ ከሦስት ደቂቃ በላይ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። በዚህም ኢትዮጵያ የኦሊምፒክን ማራቶን ሦስት ጊዜ በተከታታይ አሸነፈች። ያን ጊዜ ሻምበል ማሞ የ36 ዓመት ሰው ነበሩ። በ1972 በሙኒክም በ40 ዓመታቸው ነሐስ አምጥተዋል።

የሕይወታቸው መጨረሻ ግን መራራ ነበር። የደርግ መንግሥት ከወደቀ በኋላ በቀይ ሽብር ዘመን በአንድ ታዳጊ ወጣት ግድያ እጃቸው አለበት ተብለው ታሰሩ። በትእዛዝ በስፍራው መገኘታቸውን ሳይሸሽጉ፣ ገዳይ ግን እኔ አይደለሁም ሲሉ ተከራከሩ። ጉዳያቸው ሳይቋጭ ዓመታት አለፉ። የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴና የቀድሞ ተወዳዳሪዎቻቸው ስለ እርሳቸው ጮኹ። ባለቤታቸው ልጆች እያሳደጉ የባላቸውን መፈታት ይጠባበቁ ነበር። የታሰረ ዘመድ ያለው ሰው ይህ ኑሮ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል።

በ2002 ፍርድ ቤቱ ጥፋተኛ ናቸው ብሎ ስድስት ዓመት ፈረደባቸው። ከዚያ የሚበልጥ ጊዜ ታስረው ስለነበር ወዲያው ተለቀቁ። ከቤተሰባቸው ጋር የቆዩት ግን ጥቂት ወራት ብቻ ነው። ሜይ 26 ቀን 2002 በጉበት ካንሰር ዐረፉ፤ ሻምበል አበበ ባረፉበት በቅዱስ ዮሴፍ መካነ መቃብርም ተቀበሩ።

ቀይ ሽብር ልጁን የቀማው ቤተሰብ ሐዘኑን አልረሳም፤ እንዲረሳም ሊጠየቅ አይገባም። ለአገር የተዋጋ፣ ለአገር የሮጠ፣ ቤቱንም ሊያቆም የደከመ ሰው ድካምም ከዚህ ሐዘን ጋር አብሮ ሊነገር ይገባል። አንዱን አንስቶ ሌላውን መጣል ታሪክን ጎዶሎ ያደርጋል።

ዛሬ በዲኬተርና በክላርክስተን በመኪና ማቆሚያው፣ በታክሲው፣ በሌሊት ፈረቃው ደክመው ልጆች ያሳደጉ አባቶች አሉ። ከእነርሱም መካከል አንድ ጊዜ የአገር ወታደር የነበሩ፣ ያዩትን ለልጆቻቸው ሳይነግሩ የሚኖሩ አይጠፉም። የእነዚህ አባቶች ታሪክ በለቅሶ ቤት ድንኳን ሥር ብቻ መሰማት የለበትም። ቡናው ሲፈላ፣ እርሳቸውም በሕይወት ሳሉ፣ ልጆች አጠገባቸው ተቀምጠው ይጠይቋቸው።

የሻምበል ማሞ ወልዴን ነፍስ ይማር።